ከ«ሆድ ይፍጀው» እና ከ«ይውጣለት» ባሻገር፦ ልጆች የከበዳቸውን ስሜት እንዲናገሩ መርዳት

በቋንቋችን ሆድ የምግብ ማደሪያ ብቻ ሳይሆን የምሥጢርና የስሜት ማኅደርም ነው። ያዘነ ሰው ሆድ ይብሰዋል፤ የናፈቀ ሰው ሆዱ ይባባል፤ የሚተማመኑ ወዳጆችም የሆዳቸውን ይጫወታሉ። የማይነገር ነገር ሲያጋጥም ደግሞ «ሆድ ይፍጀው» ይባላል። ይህ አባባል ለአዋቂ ሰው የትዕግሥትና የጨዋነት ምልክት ሆኖ ኖሯል። ሆኖም አንድ የሰባት ዓመት ሕፃን ከአቅሙ በላይ የሆነ ፍርሃት፣ ኀዘን ወይም ንዴት ሲገጥመው ሆዱ ሊፈጀው ይችላልን? ካልቻለስ እንዴት አድርጎ፣ ለማንስ ይናገር?

ለዚህ ጥያቄ በየቤታችን ሁለት ዓይነት መልስ ሲሰጥ እንሰማለን። አንደኛው «ዝም በል፤ ወንድ ልጅ አያለቅስም» የሚለው ነው። አንዳንዴም ልቅሶውን ቶሎ ለማስቆም «ጅቡ መጣልህ!» ይባላል፤ ይህም በኀዘን ላይ ፍርሃት መጨመር ነው። ሁለተኛው መልስ «ተዉት፤ አልቅሶና ጮሆ ይውጣለት» የሚለው ነው። ሁለቱ ተቃራኒዎች ቢመስሉም መሠረታቸው አንድ ነው። ሁለቱም ስሜትን በዕቃ ውስጥ እንደ ታፈነ እንፋሎት ይቆጥሩታል። የመጀመሪያው ክዳኑን ያጠብቃል፤ ሁለተኛው ክዳኑን ይከፍታል። በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምንሞክረው የእንፋሎቱ ምሳሌ ራሱ የማያስኬድ መሆኑን፣ ልጅን የሚረዳውም ሦስተኛ መንገድ መኖሩን ነው። ይህም ስሜቱ በተረጋጋ አዋቂ ፊት፣ በልጁ ፍጥነት፣ ስም እንዲያገኝ ማድረግ ነው።

የእንፋሎቱ ምሳሌ ከየት መጣ?

የፊዚክስ መምህር ስለ ሕፃናት ስሜት ለመጻፍ ምን አገባው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ያገባናል የምንልበት አንዱ ምክንያት ምሳሌው በሳይንስ ጽሑፎች ውስጥ የገባው ከእኛው ሙያ ተወስዶ በመሆኑ ነው። ሄርማን ፎን ሄልምሆልትዝ የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1847 ባሳተመው ጽሑፍ ኢነርጂ ከአንዱ መልክ ወደ ሌላው ይለወጣል እንጂ አይጠፋም የሚለውን ሕግ በሰፊው አብራርቶ ነበር። የእርሱ ወዳጅ የነበረው ኤርንስት ብሩከ በቪየና የፊዚዮሎጂ ላቦራቶሪ ይመራ ነበር፤ ወጣቱ ሲግመንድ ፍሮይድም እ.ኤ.አ. ከ1876 እስከ 1882 በዚያ ላቦራቶሪ ሠርቷል። ፍሮይድና ባልደረባው ዮሴፍ ብሮየር እ.ኤ.አ. በ1895 ስለ ሂስቴሪያ ባሳተሙት መጽሐፍ፣ በጊዜው ያልወጣ ስሜት ታፍኖ በሽታ ይሆናል፤ ሲነገርና ሲወጣ ግን ሕመሙ ይቀላል የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ዘመኑ የእንፋሎት ሞተር ዘመን ስለ ነበር ምሳሌው ለሁሉም በቀላሉ ገባው።

ንግግር ሕመምን ሊያቀል ይችላል የሚለው አስተያየታቸው ትልቅ ፍሬ ነበረው። የእንፋሎቱ ምሳሌ ግን ሲመረመር አይጸናም። በተዘጋ ቦይለር ውስጥ ውኃው 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ የእንፋሎቱ ግፊት ከከባቢ አየር ግፊት ጋር ይተካከላል፤ 120 ዲግሪ ሲደርስ ግፊቱ ወደ ሁለት እጥፍ ገደማ ያድጋል። ማስተንፈሻው ሲከፈት ግፊቱ የሚቀንሰው እንፋሎት የተባለው ቁስ በእርግጥ ወደ ውጭ ስለሚወጣ ነው። የተናደደ ልጅ ሲጮህና ዕቃ ሲወረውር ግን ከውስጡ የሚወጣ ቁስ የለም። ስሜት ነርቮች፣ ሆርሞኖችና ጡንቻዎች ተባብረው የሚያከናውኑት ሥራ ነው፤ ሥራ ደግሞ በተደጋገመ ቁጥር ይለመዳል።

ይህንን ብራድ ቡሽማን የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተመው ጥናት ፈትኖታል። 600 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሆን ተብሎ እንዲናደዱ ከተደረገ በኋላ፣ አንደኛው ቡድን ያናደደውን ሰው እያሰበ የቦክስ ከረጢት እንዲመታ፣ ሁለተኛው ስለ አካል ብቃት እያሰበ እንዲመታ፣ ሦስተኛው ምንም ሳያደርግ እንዲቀመጥ ተደረገ። «ይውጣለት» የሚለው አባባል ትክክል ቢሆን ኖሮ ንዴቱ የሚበርድለት የመጀመሪያው ቡድን በሆነ ነበር። ውጤቱ ግን ተቃራኒ ሆነ፤ ያናደደውን እያሰበ የመታው ቡድን ከሁሉም ይበልጥ ተናዶ ተገኘ። ይህ ማለት ልቅሶ ጎጂ ነው ማለት አይደለም። ልጅ አልቅሶ ቀለል ሲለው እናያለን፤ በዚያን ጊዜ ግን ብዙውን ጊዜ ያቀፈው ወይም ያዳመጠው ሰው አለ።

ዝም ያለ ልጅ የተረጋጋ ልጅ ነውን?

ክዳኑን ማጥበቅስ? በአገራችን ዝምተኛ ልጅ «ጨዋ»፣ «ጭምት» እየተባለ ይመሰገናል። በእርግጥ በተፈጥሮው ዝምተኛ የሆነ ልጅ አለ፤ ይህም እንከን አይደለም። ነገር ግን የፊት እርጋታ የውስጥ እርጋታ ማስረጃ አይሆንም። ጄምስ ግሮስና ሮበርት ሌቨንሰን እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተሙት ጥናት፣ የሚዘገንን ፊልም የሚመለከቱ ሰዎች ስሜታቸው በፊታቸው ላይ እንዳይታይ ተጠየቁ። ተሳታፊዎቹ ፊታቸውን መቆጣጠር ቻሉ፤ የተሰማቸው ስሜት ግን አልቀነሰም። ይባስ ብሎ የቆዳቸው ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅም ጨመረ፤ በጣታቸው ያለው የደም ምትም ጠበበ።

የቆዳው ልኬት ለፊዚክስ ተማሪ ቀላል ነው። በመዳፋችን ያሉት የላብ ዕጢዎች የሚታዘዙት ከፈቃዳችን ውጭ በሚሠራው የነርቭ ሥርዓት ነው። ስንደነግጥ ጨው ያለበት ላብ ይመነጫል፤ ጨዋማ ውኃ ደግሞ ኤሌክትሪክን ያስተላልፋል። ስለዚህ ሰውየው ፊቱን ቢያስተካክልም መዳፉ ይመሰክርበታል።

በልጆች ዘንድ ብዙውን ጊዜ የሚመሰክረው ሆድ ነው። የምግብ መፈጨት ሥርዓታችን ከ100 ሚሊዮን በላይ የነርቭ ሴሎች አሉት፤ ከአንጎል ጋርም በቬገስ ነርቭ አማካይነት ያለ ዕረፍት መልእክት ይለዋወጣል። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት «ሆዴን አመመኝ» የሚል፣ ሐኪም ሲያየው ግን በሽታ ያልተገኘበት ልጅ የግድ ውሸታም አይደለም። ሕመሙ እውነተኛ ነው፤ መነሻው ግን ጭንቀት ሊሆን ይችላል። አያቶቻችን ሆድን የስሜት ማኅደር ማለታቸው ከልምድ የተገኘ ጥሩ ምልከታ ነበር።

ስም መስጠት ምን ይለውጣል?

እዚህ ላይ ወደ ሦስተኛው መንገድ እንመጣለን። እ.ኤ.አ. በ2007 ማቲው ሊበርማንና ባልደረቦቹ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ ሎስ አንጀለስ፣ 30 ሰዎችን በኤም አር አይ መሣሪያ ውስጥ አስተኝተው የተቆጡና የፈሩ ሰዎችን ፎቶግራፍ አሳዩአቸው። መሣሪያው የአንጎልን ሥራ የሚከታተለው በደም ማግኔታዊ ባሕርይ ነው። ኦክስጅን የተሸከመ ሄሞግሎቢን በማግኔት በጥቂቱ ይገፋል፤ ኦክስጅኑን የለቀቀው ደግሞ ይሳባል። አንድ የአንጎል ክፍል ሥራ ሲበዛበት ኦክስጅን የያዘ ደም በብዛት ስለሚጎርፍለት የምልክቱ መጠን ይለወጣል።

ተሳታፊዎቹ ለሚያዩት ስሜት «ቁጣ»፣ «ፍርሃት» እያሉ ትክክለኛውን ቃል ሲመርጡ፣ ለአደጋ ፈጥኖ የሚነሣው አሚግዳላ የተባለው የአንጎል ክፍል ሥራው ቀነሰ፤ ከግንባር ጀርባ በቀኝ በኩል የሚገኝ፣ ከቃልና ከራስ ቁጥጥር ጋር የተያያዘ ክፍል ደግሞ ሥራው ጨመረ። ለፎቶግራፎቹ የሰው ስም ብቻ ሲመርጡ ግን እንዲህ ያለ ውጤት አልታየም። እ.ኤ.አ. በ2012 ካታሪና ኪርካንስኪና ባልደረቦቿ ሸረሪት በሚፈሩ 88 ሰዎች ላይ ባደረጉት ጥናት ደግሞ፣ በሸረሪቷ ፊት ቆመው ፍርሃታቸውን በቃል የገለጹት ሰዎች ከአንድ ሳምንት በኋላ ሲፈተኑ የመዳፋቸው ላብ ከሌሎቹ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል።

እነዚህ ጥናቶች የተደረጉት በአዋቂዎች ላይ ነው። ሕፃናት በዚህ ረገድ ሁለት ችግር አለባቸው። የመጀመሪያው፣ ስሜትን የሚገራው የአንጎላቸው የፊት ክፍል ገና በማደግ ላይ ነው፤ እድገቱም እስከ ሃያዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ይቀጥላል። ሁለተኛው፣ ለሚሰማቸው ነገር የሚሆን ቃል ገና የላቸውም። ስለዚህ አንጎሉም ቃሉም እስኪያድግ ድረስ ሁለቱን የሚያበድራቸው አዋቂ ያስፈልጋቸዋል።

ቃሉ ከየት ይገኛል?

ጁዲ ደንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተሙት ጥናት፣ የ3 ዓመት ልጆች ከእናቶቻቸውና ከወንድም እኅቶቻቸው ጋር በቤታቸው ሲነጋገሩ ተመዝግቦ ነበር። በቤታቸው ስለ ስሜት ብዙ የሚወራላቸው ልጆች 6 ዓመት ሲሆናቸው የሌሎችን ሰዎች ስሜት በመለየት ብልጫ አሳዩ። የስሜት ቃል እንደ ማንኛውም ቃል ከቤት ውስጥ ጭውውት የሚለቀም ነው ማለት ነው።

አማርኛችን በዚህ ረገድ ሀብታም ነው። ከፋኝ፣ ቅር አለኝ፣ ሆድ ባሰኝ፣ ናፈቀኝ፣ ሰጋሁ፣ አፈርኩ፣ ተሸማቀቅኩ፣ ቀናሁ፣ ግራ ገባኝ፤ እያንዳንዱ የየራሱ ትርጉም አለው። ሆድ የባሰው ልጅና የፈራ ልጅ ሁለቱም ያለቅሱ ይሆናል፤ የሚያስፈልጋቸው ነገር ግን ይለያያል። የመጀመሪያው ከሚወደው ሰው በደል ደርሶብኛል ማለቱ ነው፤ ሁለተኛው ጠብቁኝ ማለቱ ነው።

ሰዋስዋችንም ይረዳናል። «ከፋኝ»፣ «ጨነቀኝ»፣ «ናፈቀኝ» ስንል ስሜቱ መጥቶ የያዘን ነገር እንጂ እኛ ራሳችን አይደለም። ልጁን «ፈሪ ነህ» ማለትና «ፍርሃት ያዘህ?» ማለት እጅግ የተራራቁ ናቸው። በመጀመሪያው ልጁ ራሱ ችግር ይሆናል፤ በሁለተኛው ችግሩ ከልጁ ተለይቶ ይታያል። የያዘ ነገር ደግሞ ይለቃል። «ነጭናጫ»፣ «አልቃሻ»፣ «ቁጡ» የሚሉት ቅጽሎች ግን ስሜቱን የማይለወጥ ጠባይ አድርገው ልጁ ላይ ይለጥፉታል።

ከቃሉ ጋር እርጋታውም ይበደራል። ኤድዋርድ ትሮኒክ በ1970ዎቹ ባደረገው የታወቀ ሙከራ፣ ከሕፃኗ ጋር ስትጫወት የነበረች እናት ለጥቂት ደቂቃ ፊቷን ያለ ምንም ስሜት እንድታደርግ ትጠየቃለች። ሕፃኗ በፈገግታም በእጅም እናቷን ለመመለስ ትሞክራለች፤ ሳይሳካላት ሲቀር ትረበሻለች። ልጅ የራሱን ሁኔታ የሚያነበው በአሳዳጊው ፊት ላይ ነው። የሚጮህ ልጅን በጩኸት መመለስ ዥዋዥዌን በራሱ ምት ልክ እንደ መግፋት ነው፤ ውዝዋዜው ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

ጥያቄ እንደ መለኪያ መሣሪያ

ተማሪዎቻችን በመጀመሪያው ዓመት ከሚማሩት ነገር አንዱ መለኪያ የሚለካውን ነገር ሊለውጥ መቻሉ ነው። ቀዝቃዛ ቴርሞሜትር ትኩስ ውኃ ባለበት ባልዲ ውስጥ ቢገባ የሚያመጣው ለውጥ አይታወቅም፤ በትንሽ ስኒ ውስጥ ቢገባ ግን ውኃውን ራሱ ያቀዘቅዘዋል። ልጅ ትንሿ ስኒ ነው። «መምህሩ መታህ አይደል?» የሚል ጥያቄ የልጁን ስሜት ከመለካቱ በፊት የጠያቂውን ስጋት ያስገባበታል። በተለይ አዋቂን መቃወም ነውር እንደ ሆነ የተማረ ልጅ «አዎ» ማለት ይቀለዋል። ማይክል ላምና ባልደረቦቹ ከሕፃናት ምስክርነት ስለሚቀበሉ መርማሪዎች ለብዙ ዓመታት ያደረጉት ጥናት፣ «የሆነውን ሁሉ ንገረኝ» የሚለው ክፍት ጥያቄ አዎ ወይም አይደለም ከሚያሰኘው ጥያቄ ይልቅ የበለጠ ዝርዝርና የተሻለ ትክክለኛ መረጃ እንደሚያስገኝ አሳይቷል።

ጥያቄው ብቻ ሳይሆን አቀማመጡም ለውጥ ያመጣል። ልጅን ፊት ለፊት አቁሞ «ምን ሆነሃል? ተናገር!» ማለት የፍርድ ቤት መልክ አለው። ጎን ለጎን ሆነው ምስር ሲለቅሙ፣ ልብስ ሲያጥፉ፣ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ግን ዓይን ከዓይን ሳይጋጠም ነገሩ በራሱ ጊዜ ይወጣል። ትንንሽ ልጆች ደግሞ ከንግግር ይልቅ በዕቃቃ ጨዋታ፣ በጭቃ ሥራ ወይም በሥዕል ይገልጻሉ። ተረት ስንነግራቸውም «ጦጣዋ ብቻዋን ስትቀር ምን የተሰማት ይመስልሃል?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል፤ ልጁ ስለ ጦጣዋ ሲመልስ ስለ ራሱም ሊነግረን ይችላል። ሥዕሉን ግን እንደ ሕልም ፈቺ መተርጎም አይገባም፤ «ስለ ሥዕልህ ንገረኝ» ማለት ይበቃል።

አንድ ምሳሌ

የሚከተለውን ለማስረዳት ያህል ያዘጋጀነውን ንግግር እንመልከት። የስምንት ዓመት ልጅ ትምህርት ቤት መሄጃዋ ሲደርስ ሆዷን ታማለች። እናቷ ትኩሳት አለመኖሩን ካረጋገጠች በኋላ አጠገቧ ትቀመጣለች።

— ሕመሙ የሚጀምርሽ መቼ መቼ ነው፣ ልጄ?
— ጠዋት። ዩኒፎርሜን ስለብስ።
— ዩኒፎርምሽን ስትለብሺ ምን ትዝ ይልሻል?
— (ዝም ትላለች። እናቷም ትጠብቃለች።) ቆሜ ሳነብ ልጆቹ ይስቁብኛል፣ እማዬ።
— ይስቁብኛል ብለሽ ስታስቢ ሆድሽን ይይዝሻል ማለት ነው። ፍርሃት ነው? እፍረት ነው? ወይስ ሌላ ነገር?
— እፍረት ነው። ደግሞ ያናድደኛል።
— ሁለቱም አንድ ላይ ይመጣሉ። ስለ ነገርሽኝ ደስ ብሎኛል። ምን ብናደርግ ይሻላል ትያለሽ?

እናትየዋ የልጅቷን ሕመም ሰበብ ነው አላለችም። ምክንያቱን ከራሷ አልፈጠረችም። ዝምታውን በሌላ ጥያቄ አልሞላችም። አንድ ስም ከመለጠፍ ይልቅ ብዙ ስሞች አቀረበች፤ ልጅቷም መርጣ የራሷን ጨመረች። መፍትሔ ፍለጋው የመጣው በመጨረሻ ነው። ብዙዎቻችን በደግነት ተነሣሥተን «አይዞሽ፣ ምንም አይደለም» በማለት እንጀምራለን፤ ልጅ ግን ይህን ቃል ቀድሞ ሲሰማ ነገሩ እንዳልተሰማለት ሊቆጥረው ይችላል። «አይዞሽ» የሚያምረው ካዳመጡ በኋላ ነው።

ስሜትን መቀበል ማለት ድርጊትን ሁሉ መፍቀድ አይደለም። «በታናሽ እኅትህ ቀንተሃል፤ መቅናት ያለ ነው። መምታት ግን አይፈቀድም» ማለት ይቻላል። ወሰኑ የሚሰመረው በእጅ ላይ እንጂ በልብ ላይ አይደለም።

ማስገደድ ስለማይገባበት ጊዜ

የከበደ ነገር የደረሰባቸውን ልጆች በተመለከተ ጥንቃቄው ይጨምራል። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በተካሄደው ጦርነት፣ እንዲሁም በሌሎች አካባቢዎች በተከሰቱ ግጭቶች ብዙ ልጆች ከቤታቸው ተፈናቅለዋል፤ ሊያዩት የማይገባውንም አይተዋል። እንዲህ ያለውን ልጅ «የደረሰብህን ሁሉ ተናገርና ይውጣልህ» ብሎ ማስገደድ እንደማይረዳ፣ አንዳንዴም ሊጎዳ እንደሚችል ታውቋል። የዓለም ጤና ድርጅትና ተባባሪዎቹ እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጡት የመጀመሪያ የሥነ ልቦና እርዳታ መመሪያ በሦስት ቃላት ይጠቃለላል፤ ማየት፣ ማዳመጥ፣ ማገናኘት። ሰውን እንዲናገር አለመጫንንም አጥብቆ ይመክራል። ለልጅ ደኅንነቱ የተጠበቀ ቦታ፣ የሚያውቀው ሰው፣ የተለመደ የመኝታ፣ የምግብና የትምህርት ሰዓት ከቃል ይቀድሙለታል። ሲናገር የሚያዳምጠው እንዳለ ማወቁ ይበቃዋል።

ከቤት አቅም በላይ የሚሆንም አለ። እንቅልፍ ወይም ምግብ ለሳምንታት ሲታወክ፣ አልጋ ማርጠብ የተወ ልጅ ሲመለስበት፣ ጨዋታና ጓደኛ ሲያስጠላው፣ ራሱን ስለ መጉዳት ወይም ስለ መሞት ሲናገር ሐኪም ማማከር ያሻል። ስለ መሞት ያወራን ታዳጊ በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም፤ ይልቁንም ብቻውን እንዳልሆነ ያሳየዋል። አዲስ አበባ የሚገኘው የአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል በዚህ ዘርፍ የታወቀ ነው፤ በየአካባቢው ያለው ጤና ጣቢያም መነሻ ሊሆን ይችላል። ልጁ የደረሰበትን ጥቃት ሊነግረን ሲጀምር ደግሞ «ለማንም አልናገርም» ብለን ቃል መግባት የለብንም፤ ይህ ልንጠብቀው የማንችለው ቃል ነው። «አምንሃለሁ፤ ጥፋቱ ያንተ አይደለም፤ የሚረዱንን ሰዎች አብረን እንፈልጋለን» ማለት ግን እንችላለን።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለውን ተረት ለልጆቻችን ደጋግመን እንነግራቸዋለን። ልጅ ግን የሚደብቀው መናገር ስላልፈለገ ብቻ አይደለም፤ ቃሉን ስላጣው ወይም የሚሰማው ሰው ስላላገኘ ጭምር ነው። ቃሉን መስጠትና መስማት የእኛ ፋንታ ነው። ለዚህም ላቦራቶሪም ሆነ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ምስር እየለቀሙ አሥር ደቂቃ አብሮ መቀመጥ ጥሩ መጀመሪያ ነው።